ከጋዜጣው ሥር

የእናቴን ቤት ግድግዳ ያስፋቅነው በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ እርሷ ካረፈች ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። የሳሎኑ አንዱ ወገን ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ እየጠጣ ሆዱን ነፍቶ ስለ ነበር፣ ክረምቱ ሳይገባ በሲሚንቶ እንዲለሰን ከእኅቴ ጋር ተስማማን። ግንበኛው ግድግዳውን በውኃ እያራሰ በቢላ መላጥ ጀመረ። ጥቂት እንደ ሄደ፣ "ጋሼ፣ ይኼ ቤት ወረቀት ነው እንዴ የለበሰው?" አለኝ። ቀረብ ብዬ አየሁ። ከቀለሙ ሥር ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ሥር ጋዜጣ፣ ከእርሱም ሥር ሌላ ጋዜጣ። ሥራውን አስቆምኩትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

በብሎኬት ቤት ላደገ አንባቢ ነገሩን ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት አሠራሩ የታወቀ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ በማገር ይያያዛል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ከዚያ በኋላ አቅም ያለው በኖራ ያስቀባል፤ አቅም የሌለው ጋዜጣ ይለጥፋል። ጋዜጣ ብርድ ይከላከላል፣ ከምርጊቱ የሚረግፈውን አፈር ይይዛል፣ ለትኋን መደበቂያ የሚሆነውን ስንጥቅ ይደፍናል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ ስንት ሰው እንዳነበበው አላውቅም፤ የስንቱን ሰው ቤት እንዳለበሰ ግን መገመት አያዳግተኝም። ሁለተኛው ሥራው ከመጀመሪያው ያነሰ አገልግሎት አይመስለኝም።

በእኛ ቤት የመለጠፊያው ጊዜ ጳጉሜን ነበር። እናቴ የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጣ እስኪወፍር ድረስ እሳት ላይ ታማስላለች፤ እኛ ልጆቹ አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣውን አሮጌ ጋዜጣ እየዘረጋን እናቀብላለን። እናቴ በዚያን ጊዜ ማንበብ አትችልም ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ አንድም ቀን ዘቅዝቃ አልለጠፈችም፤ ጽሑፍ ብቻ የሆነውን ግን እጇ እንዳገኘው ነው። እኔ ፊደል እንደ ቆጠርኩ አልጋዬ አጠገብ ያለውን ገጽ ተዘቅዝቆ ማንበብ ለመድኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ ባለ ሥልጣን ጠረጴዛ ላይ ያለውን ደብዳቤ ማንበብ አያቅተኝም፤ ይህ ችሎታ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል።

ከጋዜጣው በላይ ደግሞ ጌጡ ይመጣል። ከአልጋው ራስጌ ትይዩ ራሷ የጠለፈችው ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ሁለት ወፎች አፍ ለአፍ ገጥመው አበባ ይዘዋል። ከጎኑ ሰፌዶች፣ አንድ ሙዳይ፣ ቀጥሎ የቤተሰቡ ፎቶግራፎች በአንድ መስታወት ውስጥ ተጨናንቀው ተሰቅለዋል። ጥልፍ በዚያን ዘመን ለልጃገረዶች በተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ ትምህርት ቤት ያልገባችው ደግሞ ከጎረቤቷ ትማረው ነበር። "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ጥልፍ ያልተሰቀለበት ሳሎን የነበረም አይመስለኝም። የእናቴ "እንኳን" ን ፊደሉ ወደ ግራ ዞሮ ነበር። እንደ ሥዕል አይታ ነዋ የጠለፈችው።

የሥነ ጥበብ ታሪካችንን የጻፉ ሰዎች ከአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ይነሡና፣ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ወደ መሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይሻገራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የሰው ቤት ይዘለላል። ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌቱን ያስጌጠላትን ሠዓሊ ስም አንዳንዴ ታስቀምጣለች፤ የቤት ግድግዳ ግን ሠሪው ሴት ወይም ልጅ ነው፣ ዕድሜውም ከአንዱ ጳጉሜን እስከ ሌላው። በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል የገጠማት ሐረር ናት። በጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ሳሎን፣ መቀመጫው ነደባ ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ፣ ከበላዩ ያለው ግድግዳ በስፌት የተሸፈነ ነው። ስፌቱን የሰፉት የቤቱ ሴቶች ናቸው፤ እናት ለልጅ፣ አያት ለልጅ ልጅ የምታወርሰውም አለበት። እንግዳ ገብቶ ቀና ሲል የሚያየው የባለቤቲቱን እጅ ነው። ነደባው የሚቀባው ቀይ አፈር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚሉ የከተማው ሰዎች አሉ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እነዚህ ቤቶችም አብረው ተቆጠሩ። የአዲስ አበባን ጭቃ ቤት ግድግዳ ግን ማን ይመዘግበዋል? ይፈርሳል፣ ይለሰናል፣ አለቀ።

ወደ ግንበኛው ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ቢላውን ተቀብዬ ራሴ እየላጥኩ ሳለሁ፣ ከመስኮቱ በስተ ግራ ወረቀቱ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ዙሪያውን ያለው ጋዜጣ ወፈር ይላል፤ መካከሉ ስስ ነው። ያን ስሱን በእርጥብ ጨርቅ እያባበልኩ ባነሣው የልጅ ሥዕል ወጣ። ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ ሰይፉ ከቁመቱ የሚረዝም፣ በግራና በቀኝ አደይ አበባ። ከሥሩ "እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አደረሳችሁ" ይላል። ጥግ ላይ የታላቅ ወንድሜ ስም ከነአባቱ ተጽፏል።

የእንቁጣጣሽ ሥዕል ምን እንደ ነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሊሉ ሲወጡ፣ ወንዶቹ ነሐሴን ሙሉ ሲስሉ የከረሙትን ይዘው ማለዳ ቤት ለቤት ይዞራሉ። መልአክ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነዘንዶው፣ ፀሐይ፣ አበባ። ባለ ቀለም እርሳስ ያለው በእርሳስ፣ የሌለው ቅጠልና አበባ አሽቶ ያቀልመዋል። ባለቤቱ አምስትም አስርም ሳንቲም ይሰጥና ሥዕሉን ተቀብሎ ጳጉሜን ላይ በለጠፈው አዲስ ጋዜጣ ላይ ያጣብቀዋል። በከተማችን ውስጥ ሠዓሊና ገዢ ያለ ደላላ የሚገናኙበት ገበያ ያ ብቻ ይመስለኛል። ኋላ በካርቦን ወረቀት መገልበጥ መጣ፤ ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ፤ ከዚያም የታተመ ካርድ።

ሥዕሉ ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም፤ ግን ዘመኑን ነግሮናል። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለአራት ሲካፈል፣ ቀሪው ሦስት የሆነ እንደ ሆነ ዘመነ ሉቃስ ነው። ስለዚህ 1963፣ 1967 ወይም 1971 ይሆናል። በ1963 ወንድሜ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1971 ደግሞ አልነበረም። ከሥዕሉ ሥር ያለው ጋዜጣ የነሐሴ 1966 ነው። እንግዲያው የተለጠፈው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ምሽት የወሎን ረሃብ የሚያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ እንቁጣጣሽ የማስታውሰው ወንድሜ ዞሮ ሲመለስ አንድ ሥዕል እጁ ላይ እንደ ቀረ፣ እናቴም ከመቀነቷ ስሙኒ ፈትታ እንደ ገዛችው ነው።

የ1968ና የ1969 ጳጉሜን ጋዜጣ በሥዕሉ ላይ አላረፈም። እናቴ ዙሪያውን እየቀደደች እንደ መስኮት ትታለት ነበር፤ ጎድጓዳው የመጣው ከዚያ ነው።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ፣ ወጣት ያለበት ቤት ሁሉ ወረቀት ያቃጥል ነበር። ያን ሰሞን ከየግቢው የሚወጣው ጭስ የእንጀራ ጭስ አልነበረም። እናቴም የወንድሜን ደብተሮች፣ መጻሕፍትና ሥዕሎች ምድጃ ውስጥ ስትማግድ በዓይኔ አይቻለሁ። እርሱ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ማታ ተወሰደ፤ አስራ ስድስት ዓመቱ ነበር። አልተመለሰም፤ የት እንደ ተቀበረም አልተነገረንም። ከዚያ በኋላ በቤታችን ውስጥ የእጁ ጽሑፍ ያለበት አንድ ቁራጭ ወረቀት አልተገኘም። እኔ አድጌ ይህ ሲገባኝ እናቴን ተቀየምኩ። አንድ እንኳ ብታስቀር ምን ነበረበት? እያልኩ አርባ ዓመት ያህል ያን ቂም ይዤ ኖርኩ። አንድ ጊዜ አፍ አውጥቼ ጠይቄያታለሁ። ቡና እያፈላች ነበር፤ አልመለሰችልኝም።

ከሥዕሉ ላይ ያነሣሁት ጋዜጣ የጥቅምት 1970 ነው። የታሪክ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጋዜጣ ከወጣበት ቀን በኋላ መቼም ሊለጠፍ ይችላል፤ በፊት ግን ሊለጠፍ አይችልም። ስለዚህ በአሰሳው ጊዜ ሥዕሉ ከነስሙ በግልጽ ግድግዳው ላይ ነበር፤ መሣሪያ የያዙት ሰዎች ከፊቱ ቆመው ዓይተውት ሄደዋል ማለት ነው። ማን መልአክ ይጠረጥራል? የተሸፈነው ግን ከዚያ በኋላ፣ ሊወሰድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ወይም ከተወሰደ ወዲያ ነው። ወቅቱ ጳጉሜን አልነበረም፤ በዚያ ዙር ሌላው ግድግዳ አልተለጠፈም፤ አንድ ገጽ ብቻ፣ በልኩ ተቀድዶ። ፈርታ ይሁን ማየት አቅቷት፣ ወረቀቱ ይህን አይናገርም። በገጹ ላይ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም፤ እናቴ መርጣ አልለጠፈችውም። ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የልጇን ስም ማንበብ በቻለች ጊዜ ስሙ ከጋዜጣ ሥር ነበር። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሌላ ጋዜጣ፣ ኋላም ቀለም ተደረበበት። በዚያ ግድግዳ ትይዩ ነበር መቀመጫዋ።

እኅቴን ጠራኋት። ብዙ ሳትናገር ቆማ አየችውና፣ "እማዬ እኮ እዚህ ጋ ምስማር አታስመታም ነበር" አለች። እውነትም የጥልፉ፣ የሰፌዱ፣ የፎቶግራፉ ምስማር ሁሉ ከዚያ ቦታ ፈንጠር ያለ ነው።

አውጥተን በመስታወት ልናሰቅለው አሰብን። ጠርዙን በቢላ ስነካው ግን ምርጊቱ አብሮ ሊወርድ ሆነ፤ የዱቄቱ ሙጫ ከጭቃው ጋር አንድ ሆኗል። ግንበኛው ሲሚንቶውን አቡክቶ ቆሟል፤ "ጋሼ፣ ሊደርቅብኝ ነው" አለ። እኅቴ የሳንቃ ቁራጮች አምጥታ በአራቱ ወገን አስጠጋችለት። እርሱም ዙሪያውን ለሰነው።