ቀዩ ቆብና የነጋዴው ልብስ

የካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያን ምስል ያየ ያገራችን ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጢማቸው ላይ ነው። ረጅምና ነጭ ነው፤ «የእኛ ገዳም አባት ናቸው» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ያገሬው ሰውም አቡነ መሲያስ ይላቸው ነበር።

ጢሙ ግን ከኢትዮጵያ የመጣ አይደለም። በዚያን ዘመን የሮማ ቄስ ጢሙን ይላጫል፤ እንደ ማሳያ ያለ የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ግን በማኅበሩ ደንብ ያሳድጋል። ልብሱም እንዲሁ ይነበባል። ካርዲናል ሲባል ከራስ እስከ እግር ቀይ ይመስለናል፤ ከመነኮሳት ማኅበር የወጣ ካርዲናል ግን ቆቡ ቀይ ሆኖ ቀሚሱ የማኅበሩን ቀለም ይይዝ ነበር። የካርዲናል ሥዕል ጥግ ላይ አርማ ካገኛችሁ ደግሞ ከባርኔጣው የሚንጠለጠሉትን ዘርፎች ቁጠሩ፦ በየጎኑ 6 ከሆኑ ጳጳስ፣ 10 ከሆኑ ሊቀ ጳጳስ፣ 15 ከሆኑ ካርዲናል።

እኔን የሚገርመኝ ሥዕሉ የማይናገረው ነው። በ1809 እ.ኤ.አ. በጣልያን ፒየሞንቴ ውስጥ የተወለዱት ማሳያ፣ በ1846 ለኦሮሞ አገር ጳጳስ ሆነው ተሾሙና በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ። በቀጥታ መግባት ሲከለከሉ ስማቸውን ጆርጆ ባርቶሬሊ ብለው፣ ነጋዴ መስለው በሱዳን በኩል ዞሩ፤ በ1852 ጉድሩ ገቡ። መስቀልና ቀለበት ለነጋዴ አይሆንም።

የነጋዴውም ልብስ ቀላል ነገር አልነበረም። ከጎጃምና ከጊቤ ማዶ የሚነሳው ሲራራ ቡና፣ ዝባድና ባሪያ ይዞ ምጽዋ ይወርዳል፤ ከዚያ በጀልባ ጂዳ። እንዲያስተምሩ የተላኩለት ሕዝብ ልጆች ጂዳና መካ ገበያ ላይ ይሸጡ ነበር። ጳጳሱ የተደበቁት እንግዲህ በዚህ ንግድ ሰው መልክ ነው። ይህን የሚያሳይ ሥዕል ቢኖር ከቀዩ ቆብ ይልቅ እሱን እመርጥ ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ በ1879 ከአገር አስወጧቸው። ሊዮ 13ኛ በ1884 ካርዲናል አደረጓቸው፤ የ35 ዓመት ትዝታቸውም በ12 ቅጽ ታተመ። ያረፉት በ1889 ሲሆን መቃብራቸው ሮም አጠገብ ፍራስካቲ፣ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያው ገዳም ውስጥ በስማቸው የተሰየመ የኢትዮጵያ ሙዚየም አለ፤ ሮም የዘለቀ ሰው ጎራ ይበል።