በጥላማ ጓሮ በቆሎን ማልማት፡ ለኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በቆሎ ብዙ ጊዜ የሚዘራው በግንብ አጥር፣ በፎቅ ቤት ወይም በባሕር ዛፍ በተከለለ ጠባብ ጓሮ ነው። በመሆኑም አልሚዎች ጥላን የሚቋቋም ዝርያ ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ በቆሎ ብርቱ የፀሐይ ብርሃን የሚሻ ሰብል በመሆኑ የዝርያ ምርጫ ብቻውን የጥላን ጉዳት አያስቀርም።

ጥላ የሚያስከትለው ጉዳት

ብርሃን ያነሰው በቆሎ አገዳው ቀጥኖ ይረዝማል፤ በነፋስም በቀላሉ ይወድቃል። ጉዳቱ የሚከፋው ጸጉር በሚያወጣበት ሰሞን ነው፤ በዚያን ጊዜ ብርሃን ካጣ ፍሬ ሳይቋጥር ሊቀር ይችላል። ለዘርና ለማዳበሪያ የወጣው ወጪም ከአገዳ በቀር የሚያስገኘው አይኖርም።

ብርሃኑን ማረጋገጥ

ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ መሆን ይኖርበታል። ይህንንም በበጋ ሳይሆን በሚያዝያ ወይም በግንቦት ወር መመልከት ይገባል። በታኅሣሥና በጥር የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ በኩል ያለ ግንብ ጓሮውን ያጠላዋል፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ከአናት በላይ ሆና በጥቂቱ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ያ ጥላ ይነሣል። በምሥራቅና በምዕራብ ያለ ረጅም ሕንጻ ግን የጠዋቱንና የከሰዓቱን ብርሃን በየወቅቱ ይከልላል።

ዝርያና አዘራር

አዲስ አበባ ደጋማ በመሆኗ ለቆላ የወጡ ዝርያዎች አይስማሟትም። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ላላቸው አካባቢዎች የወጡት ወንጪና ጅባት የተባሉት የአምቦ ዲቃላ ዝርያዎች ይመረጣሉ፤ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ይወስዳሉ። ከዲቃላ ዝርያ ምርት ላይ ለዘር ማስቀረት አይመከርም።

• በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ ማጨናነቅ በተክሎቹ መካከል ተጨማሪ ጥላ ይፈጥራል።
• የአበባው ብናኝ እንዲዳረስ ከአንድ ረጅም መስመር ይልቅ ቢያንስ 4 አጫጭር መስመሮችን ጎን ለጎን ይዝሩ።
• ከባሕር ዛፍ ይራቁ፤ ከጥላው በተጨማሪ ሥሩ ውኃ ይሻማል።

ፀሐይ ከ6 ሰዓት በታች በሚያገኝ ቦታ

እንዲህ ያለውን ቦታ ለሐበሻ ጎመን፣ ለቆስጣ ወይም ለሰላጣ ማዋል ይሻላል፤ ቅጠላቸው የሚበላ አትክልቶች ከፊል ጥላን ከበቆሎ በተሻለ ይቋቋማሉ። ዘር ከመግዛትዎ በፊት በወረዳዎ የሚገኘውን የከተማ ግብርና ባለሙያ ያማክሩ።