የባለርስቱ መስኮትና የሠራተኛው ቤት

በእንግሊዝ አገር ገጠር፣ ከታላላቅ መሳፍንት ግቢ አጠገብ፣ በጥርብ ድንጋይ የተሠሩ ያማሩ ትናንሽ ቤቶች ይታያሉ። እነዚህ ቤቶች ገበሬው በገዛ ዐቅዱ ያቆማቸው ሳይሆኑ ባለርስቱ በመሬቱ ላይ ለሠራተኞቹ ያሠራቸው ናቸው። ስለዚህም ታሪካቸው የሥነ ሕንፃ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመሬት ይዞታም ታሪክ ነው።

ከቀደሙት ምሳሌዎች አንዱ በብሪስቶል አጠገብ የሚገኘው ብሌዝ ሐምሌት ነው። አርክቴክቱ ጆን ናሽ እ.ኤ.አ. በ1811 ለባንክ ባለቤቱ ለጆን ሃርፎርድ ጡረተኛ አገልጋዮች ዘጠኝ ቤቶችን በአንድ መስክ ዙሪያ ሠራ። አንዱም ቤት ሌላውን አይመስልም።

ይኸው ሐሳብ በደርቢሻየር በሚገኘው በኤንዘር መንደር ሰፋ ብሎ ተሠራበት። የቀድሞው መንደር የዴቮንሻየር መስፍን መኖሪያ ከሆነው ከቻትስወርዝ ይታይ ስለ ነበር፣ ከፊሉ አስቀድሞ ፈርሶ፣ የቀረውን ስድስተኛው መስፍን አንሥቶ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1842 ከኮረብታ ጀርባ እንደ ገና አሠራው። ሥራውን የመራው የአትክልት ሹሙ ጆሴፍ ፓክስተን ሲሆን ንድፎቹን ያዘጋጀው አርክቴክቱ ጆን ሮበርትሰን ነበር። ፓክስተን በ1850 የለንደኑን የመስተዋት ሕንፃ የነደፈው ሰው ነው። በኤንዘር የጣሊያን ግንብ፣ የስዊስ ሰፊ የጣራ ክፈፍ፣ የኖርማን ክብ ቅስትና የቱዶር ረጃጅም ጭስ ማውጫ ጎን ለጎን ይታያሉ። ይህን ሁሉ ልዩ ልዩ መልክ አንድ የሚያደርገው የአካባቢው አሸዋ ድንጋይ ነው።

ሥራውን በቅን ዓይን መመዘን ተገቢ ነው። መንደሩ በተፈጸመበት በ1842 ኤድዊን ቻድዊክ ያወጣው ዘገባ የብዙ ሠራተኛ ቤተሰቦች መኖሪያ ጠባብ፣ እርጥበት የበዛበትና ለበሽታ የተጋለጠ መሆኑን ገልጧል። በዚህ ሚዛን ደኅና የድንጋይ ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን በእንዲህ ያሉ ርስቶች ቤቱ ብዙ ጊዜ ከሥራው ጋር የታሰረ ስለ ነበር፣ ሥራውን ያጣ ሰው ጣራውንም ያጣ ነበር። የእርሻ ሠራተኞች በሕግ የጸና ዋስትና ያገኙት በ1976 በወጣው ሕግ ነው።

ከአሮጌው ኤንዘር አንድ ቤት ብቻ፣ በቅጥር ተከቦ፣ ከመንገዱ ማዶ ቀርቷል። የአገሩም ሰው «የናቡቴ የወይን ቦታ» ይለዋል። የንጉሥ አክዓብንና የናቡቴን ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ስም ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም።