አንድ ጣት ሁለት ሥራ ሲይዝ

አምቦ ላይ ካሜራ ያስያዝኳችሁ ልጆች፣ «ፎከሱን ለምን በአውራ ጣት?» ላላችሁኝ መልሴ ይኸው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሚኖልታ 7000 ሲወጣ ፎከስ የካሜራው ሥራ ሆነ። የማንሻውን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ስትጫኑት ያጠራል፣ ሙሉ ስትጫኑት ያነሳል። በ1989 ካነን በኢኦኤስ 630 ላይ ሁለቱን መለየት አስቻለ፤ ማጥራቱ ከኋላ ላለው ቁልፍ ተሰጠ።

ይሄን ሳላውቅ ጉደር ሰርግ ላይ ፈረሰኞች መጡ። የሙሽራውን አባት አጥርቼ ነበር፤ ላነሳ ድጋሚ ስጫን ፎከሱ ሄዶ ባሕር ዛፉ ላይ አረፈ። ሰውዬው በዓመቱ ሞቱ። ፈረስ ላይ ያላቸው ፎቶ ያ የደበዘዘው ብቻ ነው።

አሁን አውራ ጣቴ ፈረሱን ይከተላል፣ ሌባ ጣቴ ጊዜውን ይጠብቃል። ሜኑ ውስጥ ግቡና ዛሬውኑ ለዩት።