በገራዶ ደብተር ላይ የሰፈረው የሚስት ስም

ስለ ሴቶች እኩልነትና ስለ ልማት ሲነሳ ብዙዎች በ1987 መጨረሻ የተከፈተውን የቤጂንግ ጉባኤ ይጠቅሳሉ። ለደቡብ ወሎ ገበሬ ሴት ግን ከጉባኤው ይልቅ የመሬት ደብተሩ ይበልጣል ባይ ነኝ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ጾታ ሳይለይ፣ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በተግባር ግን የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሚያውቀው በአብዛኛው አባወራውን ነበር፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር። ትዳር ሲፈርስ ብዙ ሴት ስታርመውና ስታጭደው የኖረችውን ማሳ ትታ ትወጣ የነበረው ለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የአማራ ክልል የመሬት ምዝገባ ሙከራ በስዊድን ድጋፍ ሲጀመር፣ አንዱ ቦታ በደሴ ከተማ ካለው ሆጤ ብዙ የማይርቀው ገራዶ ነበር። ማሳው ድንበሩ ተለይቶ ተመዘገበ፤ በክልሉ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ሰፈረ፣ ፎቶግራፋቸውም ተለጠፈ። አዋጅ ቁጥር 133/1998ም የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ አዘዘ።

በሬ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ መስጠቷ ካልቀረ ደብተሩ ምን ፈየደ የሚሉ አሉ። እርፍ መጨበጥ የወንድ ነው የሚለው ልማድ እንዳልተነካ እኔም አልክድም። ሆኖም አሁን ውሉን የምትዋዋለው እሷ ናት፤ ካልተስማማት አራሹን ትለውጣለች፣ ስትፋታም ምስክር ፍለጋ ከመንከራተት ደብተሯን ታቀርባለች። መሬቱ በስሟ ከተጻፈ፣ የእርሻ ብድሩና የግብርና ባለሙያው ምክርም በስሟ ይድረሳት።