ከ145 እስከ 175 ሜትር፦ የቻይናው ታላቅ ግድብ በመሐንዲሶች፣ በሥነ ምድር ተመራማሪዎችና በሴት የጥበብ ሰዎች ዓይን

ከቻይናዋ ዪቻንግ ከተማ በያንግትዜ ወንዝ ሽቅብ የሚጓዝ ሰው፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ለወራት በውኃ ተውጦ ለወራት ደግሞ ራቁቱን የሚቀር የመሬት ቀበቶ ያያል። የቀበቶው ታችኛ ጠርዝ ከባሕር ጠለል በላይ 145 ሜትር፣ ላይኛው ጠርዝ 175 ሜትር ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው 30 ሜትር፣ የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ (በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ስሪ ጎርጅስ») ሐይቁን በየዓመቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ልክ ነው።

ለመሐንዲሱ ይህ 30 ሜትር የሥራ መመሪያ ነው። ለሥነ ምድር ተመራማሪው የተራሮች ግርጌ የሚላላበት ስፍራ ነው። ለቪዲዮ ጥበብ ባለሙያዋ ለቼን ቺዩሊን ደግሞ ውኃው እየቀረበ ሲመጣ ያደገችበት ከተማ የፈረሰበት መስመር ነው። ሦስቱ የሙያ ዘርፎች በየዩኒቨርሲቲው የተለያየ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን መጽሔት ማንበቡም ያጠራጥራል። ስለዚህ ግድብ ያጠኑትንና የሠሩትን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ግን፣ አንደኛው ዘርፍ ሳይቆጥር የተወውን ሌላኛው ሲቆጥረው ይታየዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመሐንዲሶቹ ስሌት

በያንግትዜ ላይ ግድብ የመሥራቱን ሐሳብ የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች ሱን ያት ሴን በ1919 አንሥተውት ነበር። ግንባታው በይፋ የተጀመረው ግን በ1994 መጨረሻ ነው። ግድቡ 181 ሜትር ቁመትና ከሁለት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት አለው፤ 22,500 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙም በዓለም ቀዳሚ ነው። ሐይቁ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ተዘርግቶ እስከ ቾንግቺንግ ይዘልቃል፤ ሲሞላ 39.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል።

ይህ የመጨረሻው አኃዝ ኢትዮጵያዊ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ከቻይናው ግድብ ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። የማመንጨት አቅሙ ግን 5,150 ሜጋ ዋት፣ ማለትም ከቻይናው ሩብ ያነሰ ነው። ምክንያቱ በወንዞቹ ላይ ነው። ያንግትዜ በግድቡ ሥፍራ በዓመት ወደ 450 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ያወርዳል፤ ጥቁር ዓባይ ደግሞ ወደ 50 ቢሊዮን ገደማ። የቻይናው ሐይቅ ውኃውን ተቀብሎ ያሳልፋል፤ የዓባዩ ሐይቅ ያጠራቅማል። በነገራችን ላይ፣ በኢትዮጵያ የገናሌ ዳዋ ሦስት ግድብን የገነባው የጌዦባ ኩባንያ ስሙን ያገኘው ከሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በዚያው በያንግትዜ ላይ ከተሠራ ቀደምት ግድብ ነው።

ሠላሳ ሜትሩ ለምን አስፈለገ? ኃይል ለማመንጨት ሐይቁ ከፍ ማለት አለበት፤ ጎርፍ ለመቀበል ደግሞ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የዝናቡ ወቅት ሳይገባ ውኃው ወደ 145 ሜትር ይወርዳል፤ በዚህም 22.15 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የጎርፍ ማጠራቀሚያ ይገኛል። ዝናቡ ሲያባራ እንደገና ወደ 175 ሜትር እንዲሞላ ይደረጋል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ደለል የበዛበት የክረምት ጎርፍ በፍጥነት ያልፋል፤ የሚጠራቀመው የጠራው ውኃ ነው።

ይህ ትምህርት የተገኘው በከባድ ዋጋ ነው። በቢጫው ወንዝ ላይ የተሠራው የሳንሜንሺያ ግድብ በ1960 ውኃ መያዝ እንደጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደለል ታነቀ፤ የተደፈኑ የታች መውጫዎችን እንደገና መክፈትና ግድቡን ደጋግሞ ማስተካከል ግድ ሆነ። ይህ እንደሚመጣ አስቀድመው የተናገሩት የቺንግኋ ዩኒቨርሲቲው የውኃ መሐንዲስ ኋንግ ዋንሊ ነበሩ። ማስጠንቀቂያቸውን ባሰሙበት በ1957 ግን «ቀኝ ዘመም» ተብለው ተፈረጁ።

ኋንግ በ2001 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የሦስቱ ሸለቆዎችን ግድብም ሲቃወሙ ኖሩ፤ ወንዙ የሚያንከባልለው ጠጠር በሐይቁ ጫፍ ተከምሮ ቾንግቺንግን ያሰጋል ባይ ነበሩ። ለእውነት ሲባል፣ በዚህኛው ስጋታቸው በተናገሩት ልክ አልደረሰም። ከላይ በተሠሩ ሌሎች ግድቦችና በአፈር ጥበቃ ሥራ ሳቢያ ወደ ሐይቁ የሚገባው ደለል ከተተነበየው አነስ ብሎ ተገኝቷል። ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ከግድቦቹ በፊት ያንግትዜ በዓመት ከ400 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ደለል ወደ ባሕር ያደርስ ነበር፤ ከ2003 ወዲህ ይህ ከ150 ሚሊዮን ቶን በታች ወርዷል። ደለሉን የተነጠቀ ውኃ የራሱን ወለል ይፈቀፍቃል፤ በሻንግሃይ በኩል ያለው የወንዙ አፍም አፈር የሚያመጣለት አጥቷል።

ጥያቄ ያነሡት ኋንግ ብቻ አልነበሩም። ወይዘሮ ዳይ ቺንግ ምህንድስና ተምረው ወደ ጋዜጠኝነት የገቡ ሴት ናቸው። በ1989 መጀመሪያ የሳይንቲስቶችንና የመሐንዲሶችን የተቃውሞ ድምፅ ሰብስበው «ያንግትዜ! ያንግትዜ!» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከቲያናንመን አደባባዩ ደም መፋሰስ በኋላ መጽሐፉ ታገደ፤ አዘጋጇም ለአሥር ወራት ታሰሩ። በ1992 የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ድምፅ ሲሰጥ 1,767 ደገፉ፣ 177 ተቃወሙ፣ 664 ድምፅ ተዓቀቡ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ማጽደቅ ልማዱ በሆነ ምክር ቤት ውስጥ ከደጋፊዎቹ ውጪ የቀሩት ወደ ሲሶው መጠጋታቸው ያልተለመደ ነበር።

የተራሮቹ ግርጌ

ሸለቆዎቹ ግድብ ሳይኖርም የሚናዱ ነበሩ። በዪቻንግ አቅራቢያ፣ በዚጉዊ አውራጃ የምትገኘው የሺንታን መንደር በጁን 1985 በ30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አፈርና ቋጥኝ ተጠርጋ ወንዝ ውስጥ ገባች። የመንደሩ 1,371 ነዋሪዎች ግን ተርፈዋል። ባለሙያዎች የተራራውን ስንጥቅ ለዓመታት ሲለኩ ስለነበር፣ እንቅስቃሴው ሲፈጥን ሕዝቡ አስቀድሞ እንዲወጣ ተደረገ። በቻይና ሥነ ምድር ታሪክ ይህ እስካሁን በኩራት የሚጠቀስ ሥራ ነው።

በዚያው በዚጉዊ አውራጃ ከ18 ዓመት በኋላ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በጁን 2003 ሐይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ 135 ሜትር ተሞላ። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ፣ ጁላይ 13፣ ቺያንጂያንግፒንግ በተባለ ስፍራ 24 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት የተራራ ጎን ወደ ገባር ወንዙ ተንሸራተተ። 24 ሰዎች ሞቱ ወይም የገቡበት ጠፋ። በሥነ ምድር መጽሔቶች ይህ አደጋ ተደጋግሞ ተጠንቷል፤ ሐይቅና ተራራ እንዴት እንደሚነካኩ ለማሳየት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ ውስጥ የገባ ድንጋይ ለሚያነሣው ሰው እንደሚቀል ሁሉ፣ ሐይቁ ሲሞላ የተራራው ግርጌ ክብደቱን ያጣል። ግርጌው ላይኛውን ክፍል ደግፎ የያዘው በክብደቱና በሰበቃው ነበር፤ ሲቀል የላይኛው ይገፋዋል። ሐይቁ በፍጥነት ሲጎድል ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል አደጋ ይመጣል፦ ወደ ተራራው ውስጥ የሰረገው ውኃ አብሮ አይወርድም። ከውጪ የሚመክተው የሐይቁ ግፊት ሲነሣ፣ ከውስጥ የቀረው ውኃ አፈሩን ወደ ውጪ ይገፋል። ስለዚህ ለመሐንዲሱ ጥሩ መፍትሔ የሆነው የ30 ሜትር ከፍታና ዝቅታ፣ ለዳገቱ በየዓመቱ የሚደጋገም ፈተና ነው። ዛሬ ሐይቁ በአንድ ቀን ምን ያህል እንዲጎድል እንደሚፈቀድ ገደብ ተቀምጧል፤ የግድቡን መመሪያ ከሚጽፉት መካከል ተራራው ራሱ ገብቶበታል ማለት ይቻላል።

ውኃው 175 ሜትር የደረሰው በ2010 ነበር። በቀጣዩ ዓመት በግንቦት ወር፣ ያኔ በጠቅላይ ሚኒስትር ዌን ጂያባኦ ይመራ የነበረው የቻይና የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ በሠፈራ፣ በሥነ ምኅዳርና በመሬት አደጋ መከላከል ረገድ አስቸኳይ መፍትሔ የሚሹ ችግሮች መኖራቸውን በይፋ አመነ።

ያልተለካው

በመንግሥት አኃዝ ከሥፍራው የተነሡት ሰዎች 1.3 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። በምህንድስና ሰነድ ይህ የወጪ ርዕስ ነው። በሥነ ምድር ጥናት ውስጥ ተፈናቃዮቹ የሚነሡት አዲሱ ሠፈራቸው ያረፈበት ዳገት ጽኑ መሆን አለመሆኑ ሲመረመር ነው። ሰዎቹ ምን አጡ የሚለውን ከያዙት መካከል የጥበብ ሰዎች ይገኛሉ።

ቼን ቺዩሊን በ1975 በዪቻንግ ተወልዳ በዋንሺያን አደገች፤ የሕትመት ጥበብ የተማረችው በሲቹዋን የሥነ ጥበብ ተቋም ነው። ዋንሺያን ወደ ላይ ተነሥታ ዛሬ ዋንዦ ተብላለች። ቼን በ2002 ካሜራዋን ይዛ ወደዚያ ስትመለስ የጠበቃት የፍርስራሽ ክምር ነበር። በዚያ ዓመት በሠራችው ቪዲዮ ራሷ የቤጂንግ ኦፔራ ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሳና ፊቷን ተቀብታ፣ ጡብና ብረት በተከመረበት መካከል የስንብት ትዕይንት ትጫወታለች። በ2007 «የአትክልት ስፍራው» በተባለው ሥራዋ ደግሞ የቀን ሠራተኞች ትልልቅ የፒዮኒ አበቦች የተሞሉ ማሰሮዎች ተሸክመው በአዲሲቱ ከተማ ደረጃዎችና ጎዳናዎች ይጓዛሉ። ፒዮኒ በቻይና የብልጽግና ምልክት ነው። ተሸካሚዎቹ ግን አበባውን የሚያደርሱት ለሌላ ሰው ነው፤ ቪዲዮው ይህን በቃል አይናገርም፣ እግራቸውን ብቻ ይከተላል።

ከሁሉ ይልቅ ለጥናት ቅርብ የሚመስለኝ «ሺንሸንግ ከተማ ቁጥር 275–277» ነው። ከሚፈርሰው አካባቢ አሮጌ ቤት እንጨቱና ጡቡ ሳይቀር ተነቅሎ፣ በኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ እንደገና ቆመ። የሥነ ምድር ባለሙያ የድንጋይ ናሙና እንደሚወስድ ሁሉ እርሷ የቤት ናሙና ወሰደች። በ2008 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ስማርት ሙዚየም ስለ ግድቡ «መፈናቀል» በሚል ርዕስ ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን፣ የጥበብ ታሪክ ምሁሩ ዉ ሁንግ የአራት ሠዓልያንን ሥራ ሲያቀርቡ፣ ከአራቱ ሴት እርሷ ብቻ ነበረች።

ከእርሷ በፊት በ1963 የተወለደችው ዪን ሺዩዠን በዚያው በያንግትዜ ተፋሰስ፣ በቼንግዱ ከተማ በ1995 «ወንዙን ማጠብ» የተባለ ሥራ አሳይታለች። ከተበከለው ወንዝ የተቀዳ ውኃ አስበርዳ አሥር ሜትር ኩብ በረዶ በወንዙ ዳር ከመረች፤ አላፊ አግዳሚውን በንጹሕ ውኃና በብሩሽ በረዶውን እንዲፈትግ ጋበዘች። መርሐ ግብሩን ያስተባበረችው አሜሪካዊቷ አርቲስት ቤትሲ ዴመን ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ በቼንግዱ የተከፈተው «የሕያው ውኃ መናፈሻ» የዚህ ጥረት ፍሬ ነው፤ የወንዙን ውኃ በማዝቀጫ ገንዳዎችና በረግረግ ዕፅዋት አሳልፎ የሚያጣራ መናፈሻ ነው። የጥበብ ሰዎችና መሐንዲሶች በአንድ ንድፍ ላይ ሲሠሩ ምን እንደሚገኝ ማየት የሚሻ እርሱን ይመልከት።

«የሴቶች ጥበብ» የሚለው ስያሜ በቻይና አከራካሪ ነው። ከ1990ዎቹ አንሥቶ ሐያስያን ክር፣ መርፌ፣ ልብስና ገላ የሚታይባቸውን ሥራዎች በዚህ ስም ሲመድቡ ቆይተዋል፤ በርካታ ሴት ሠዓልያን ግን ስሙ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያስገባናል ብለው አይቀበሉትም። የፈረሰ ቤትና የቆሸሸ ወንዝ በዚያ ምድብ ውስጥ በቀላሉ አይገቡም። ጋዜጠኛዋ ዳይ ቺንግም ሆኑ ሁለቱ የጥበብ ሰዎች የያዙት ጉዳይ ለመንግሥትና ለመሐንዲሶች ብቻ ተትቶ የነበረውን ነው።

በጁላይ 2025 ቻይና በቲቤት፣ በያርሉንግ ዛንግቦ ወንዝ የታችኛው ክፍል አዲስ የኃይል ማመንጫ ግንባታ መጀመሯን አስታውቃለች። ወጪው 1.2 ትሪሊዮን ዩዋን፣ በዓመት የሚያመነጨው ኃይልም 300 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት፣ የሦስቱ ሸለቆዎች ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል ተብሏል። ወንዙ ወርዶ ሕንድና ባንግላዴሽን ያጠጣል። አካባቢው በ1950 መጠኑ 8.6 ገደማ የሆነው ርዕደ መሬት የደረሰበት የምሥራቅ ሂማላያ ቀጣና ነው።