ትዊክ፣ ሃዝማት፣ የኤርፖርት ባጅ፦ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይጣራል?

 ስለ ትራክ ሥራ ፕሮግራም በሠራን ቁጥር ተመላልሶ የሚመጣልን አንድ ጥያቄ አለ። «ለሃዝማት አሻራ ሰጥቼ፣ ከፍዬ፣ ተጣርቼ አልፌያለሁ። ወደብ ልግባ ስል ደግሞ ለትዊክ እንደገና አሻራ ስጥ፣ እንደገና ክፈል ተባልኩ። የሚያጣራኝ ያው አንድ መሥሪያ ቤት አይደለም ወይ?» የሚል ነው።

አዎ፣ ያው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የሚመረመረውም በአብዛኛው ያው አንድ ነገር ነው። ታዲያ ለምን ሁለት ጊዜ? እስካሁን ምን ቀለለ፣ ምን ቀረ? በተለይ የእኛን ሰው የሚያጠምዱት ነገሮችስ የትኞቹ ናቸው? ዛሬ እነዚህን አንድ በአንድ እናያለን። ጽሑፉን አስቀምጡት፤ ካርዳችሁ ሊያልቅ ሲል ይጠቅማችኋል።

ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር፣ ማለትም ቲኤስኤ ተቋቋመ። ፓትሪዮት አክት የሚባለው ሕግም አደገኛ ዕቃ የሚጭን ሾፌር ሳይጣራ ስቴቶች ፈቃድ እንዳይሰጡት ከለከለ። በ2002 ደግሞ የባሕር ትራንስፖርት ደህንነት ሕግ ወጣና ያለ አጃቢ ወደ ወደብ ጥብቅ ክልል የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ መታወቂያ እንዲይዝ አዘዘ።

ልብ በሉ፤ ሁለት የተለያዩ ሕጎች፣ በሁለት የተለያዩ ዓመታት፣ ለሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው የወጡት። ሁለቱም ዞረው ቲኤስኤ እጅ ላይ ወደቁ። ድግግሞሹ የተወለደው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰው ዛሬ ነዳጅ ነገ ኮንቴይነር ሊጭን እንደሚችል ሕጎቹ ሲወጡ አልታሰበበትም።

የትኛው ካርድ ለምን?

*ሃዝማት።* በሲዲኤል መንጃ ፈቃድ ላይ የሚጨመር ፈቃድ ነው። ነዳጅ፣ ጋዝ፣ ኬሚካል፣ ፈንጂና የመሳሰለውን በምልክት ለሚጭን ሾፌር ያስፈልጋል። በአሻራ መጣራት የተጀመረው በ2005 ነው። ፈተናውንም ፈቃዱንም የሚሰጠው ስቴቱ ሲሆን ሰውየውን የሚያጣራው ግን ቲኤስኤ ነው።

*ትዊክ።* የወደብና የመርከብ ሠራተኛ ካርድ ነው። ምዝገባው የተጀመረው በጥቅምት 2007 በዴላዌር ስቴት፣ ዊልሚንግተን ወደብ ነው። ከዲሲና ከሜሪላንድ ወደ ባልቲሞርና ኖርፎክ የምትመላለሱ፣ ከሲያትል ታኮማ የምትጭኑ፣ ሂውስተንና ሎንግ ቢች ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። ያለ እሱ በር ላይ መቆም ነው፤ ወይ አጃቢ ጠብቆ መግባት ነው።

*የኤርፖርት ባጅ።* ይሄኛው ይለያል። ባጁን የሚሰጠው ኤርፖርቱ ራሱ ነው። በቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት የሚሠራ ሰው ባልቲሞር ኤርፖርት ሁለተኛ ሥራ ቢያገኝ አስተዳደራቸው የተለያየ ስለሆነ ባጁን እዚያም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ፓርኪንግ፣ ዊልቸር፣ ጽዳት፣ ሻንጣ ላይ የሚሠሩ ስንት ወገኖቻችን ይህንን ያውቁታል።

የሚጣራው ምንድን ነው?

ለሃዝማትም ለትዊክም ቲኤስኤ የሚያየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ አሻራን ከኤፍቢአይ የወንጀል መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ ስምን ከሽብር ተጠርጣሪዎች ዝርዝር ጋር ማየት፣ የኢሚግሬሽን ሁኔታን ማረጋገጥ። የሚከለክሉት ወንጀሎች ዝርዝርም አንድ ነው።

ዝርዝሩ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ለዘለቄታው የሚከለክል ነው፤ ስለላ፣ የአገር ክህደት፣ ሽብር፣ ነፍስ ግድያና ሌሎችም እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው በጊዜ የተገደበ ነው። የጦር መሣሪያ ወንጀል፣ ዝርፊያ፣ አደንዛዥ ዕፅ ማከፋፈል፣ ጉቦ፣ ማጭበርበር፣ ቃጠሎና የመሳሰሉት በማመልከቻው ጊዜ ጥፋተኛ ከተባሉ 7 ዓመት ካልሞላ፣ ወይም ከእስር ከወጡ 5 ዓመት ካልሞላ ይከለክላሉ። ያልተቋጨ ክስ ወይም የእስር ማዘዣ ያለበትም አያልፍም። ተራ የትራፊክ ቅጣት ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የኤርፖርቱ ዝርዝር ከዚህ ይለያል፤ ወደ ኋላ 10 ዓመት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ትዊክ ያለው ሰው ሁሉ ኤርፖርት ያልፋል ማለት አይደለም። የሃዝማትና የትዊክ መደጋገም ግን እንዲህ ዓይነት ሰበብ የለውም።

ክፍያውና ቀናሹ

ትዊክ ወደ 125 ዶላር ገደማ ነው። የሃዝማት ማጣሪያ ወደ 85 ዶላር ነው፤ የስቴቱ የፈተናና የመንጃ ፈቃድ ክፍያ ለብቻው ነው። ሁለቱንም በሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው ከ200 ዶላር በላይ አወጣ ማለት ነው፤ ያውም በየ5 ዓመቱ። በዚያ ላይ ለአሻራ የቆመበት ቀን አለ። ለራሱ የሚሠራ ሾፌር ትራኩን ባቆመ ቀን ኢንሹራንሱና የትራኩ ክፍያ አብረው አይቆሙም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቅናሽ መኖሩን ነው። ሃዝማቱን አስቀድሞ ያወጣ ሰው ትዊክን ወደ 93 ዶላር ያገኛል። ትዊኩን አስቀድሞ ያወጣ ደግሞ የሃዝማት ማጣሪያውን ወደ 41 ዶላር። ሁለቱንም ለምትፈልጉ ትዊክን ማስቀደም ይረክሳል ማለት ነው። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት የቲኤስኤን ድረ ገጽ ተመልከቱ። የሃዝማቱ ቅናሽ በሁሉም ስቴቶች ላይሠራ ስለሚችል የስቴታችሁን ዲኤምቪ ጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በቅናሽ የወጣው ካርድ ሙሉ 5 ዓመት አይሰጣችሁም፤ የመጀመሪያው ማጣሪያ በሚያልቅበት ቀን አብሮ ያልቃል። የመጀመሪያው ካርዳችሁ 4 ዓመት ከቀረው ቅናሹ ያዋጣል። የቀረው 6 ወር ከሆነ ግን ሙሉውን ከፍሎ አዲስ መጀመር ይሻላል። ለ30 ዶላር ቅናሽ ብላችሁ አራት ዓመት ተኩል አትጡ።

እስካሁን ምን ቀለለ?

ምንም አልተሠራም ማለት ስህተት ነው። ድሮ ለትዊክ ሁለት ጊዜ በአካል መሄድ ግድ ነበር፤ አንድ ጊዜ ለአሻራ፣ ሌላ ጊዜ ካርዱን ለመውሰድ። ኮንግረስ በ2012 ባወጣው ሕግ ይህ እንዲቀር አዘዘና በ2014 በመላው አገሪቱ አንድ ጉብኝት በቂ ሆነ፤ ካርዱ በፖስታ ቤታችሁ ይመጣል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው ሰው ትዊኩን ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ማደስ ይችላል።

ሌላም አለ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዊክ ባለቤት ለአውሮፕላን ጉዞ ፕሪቼክ ብሎ ሌላ ክፍያ መክፈል አያስፈልገውም። ከካርዱ ጀርባ ያለውን መለያ ቁጥር ቲኬት ሲቆርጥ የተጓዥ ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ ማስገባት ነው። አዲስ አበባ ደርሳችሁ ስትመለሱ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ሰልፉን ትገላገላላችሁ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። መንግሥት የትዊኩን ማጣሪያ አውሮፕላን ለመሳፈር በቂ ነው ብሎ ተቀብሎታል። ለሃዝማት ግን እንደገና ክፈል ይላል።

የቀረው ጥያቄ

በ2023 እና በ2024 ለኮንግረስ ሁለቱም ምክር ቤቶች ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከተጣራ ያ ማጣሪያ ጊዜው እስኪያልቅ ለሌሎቹም ፈቃዶች ያገልግል፤ ስቴቶችም የሃዝማቱን ቀን ከዚያ ጋር ያስተካክሉ፤ ለድጋሚ ምርመራ ሁለተኛ ክፍያ ይቅር። ትልቁ የትራክ ኩባንያዎች ማኅበር ይህን አጥብቆ ይደግፋል።

«ማቅለል ማላላት ነው» የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል፤ የደህንነት ነገር ስለሆነ ንቆ ማለፍ አይገባም። ግን ከዚህ በፊት ቀዳዳው የት እንደታየ እናስታውስ። በ2011 የኮንግረስ ኦዲት ቢሮ መርማሪዎች ሥርዓቱን በድብቅ ሲፈትኑ በሐሰተኛ ካርድ፣ እንዲሁም በማጭበርበር ባገኙት እውነተኛ ካርድ ወደ ወደቦች መግባት ችለው ነበር። ክፍተቱ የነበረው ማንነትን በማረጋገጡና በር ላይ ካርዱን በመፈተሹ ነው። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ማስከፈል ይህን ቀዳዳ አይደፍነውም። በእኛ አመለካከት ለድግግሞሹ የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ወደ በሩ ቢዞር ደህንነቱም ይጠነክራል፣ ሠራተኛውም ያርፋል።

የእኛን ሰው የሚያጠምዱት

*ስም።* ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ የሚሉ ስሞች በአንዱ ሰነድ ላይ አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል ሆነው ይጻፋሉ። ሁለት ሲሆኑ ግማሹ የአባት ስም ቦታ ይገባል፣ አያት የቤተሰብ ስም ይሆናል። በፓስፖርት፣ በግሪን ካርድና በመንጃ ፈቃድ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ ከማመልከታችሁ በፊት አስተካክሉ፤ አሻራ ላይ ደርሶ መመለስ ቀን ማቃጠል ነው።

*የልደት ቀን።* በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት እንዳለ ተገልብጦ ከሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ልዩነት ያመጣል። የልደት የምስክር ወረቀትና ግሪን ካርድ ካልተስማሙ መጀመሪያ እሱን ፍቱ።

*ወረቀት።* ጥገኝነት የተሰጣችሁ፣ በስደተኝነት የገባችሁና ግሪን ካርድ ያላችሁ ለሁለቱም ማመልከት ትችላላችሁ። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለትና የሥራ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው ግን ከተፈቀዱት ውስጥ የለም፤ ገንዘቡን አይክፈል። በመስከረም 2025 ለውጭ ዜጎች ሲዲኤል መስጠትን ያጠበበው የትራንስፖርት ሚኒስቴር ደንብ ደግሞ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ከቲኤስኤ ማጣሪያ ጋር አታምታቱት።

*የተዘጋ ክስ።* ተይዞ የተለቀቀ ሰው «ክሱ ተዘግቷል» ብሎ ይረሳዋል። የኤፍቢአይ መዝገብ ግን ላይረሳው ይችላል። ለሠራተኞች መብት የሚሟገት አንድ ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት ከመዝገቦቹ ግማሽ ያህሉ የጉዳዩን መጨረሻ እንደማይዙ ገልጿል። መታሰሩ ተጽፏል፤ ነጻ መባሉ አልተጻፈም። የራሳችሁን መዝገብ በ18 ዶላር ከኤፍቢአይ መጠየቅ ትችላላችሁ። የምትጠራጠሩት ነገር ካለ ከማመልከታችሁ በፊት አውጥታችሁ እዩት።

ደብዳቤ ከመጣ

ከቲኤስኤ «ብቁ አይደለህም ብለን እናስባለን» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ያ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። የ60 ቀን ጊዜ አላችሁ። በዚያ ውስጥ ይግባኝ ማለት ወይም ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ ይቻላል። ስህተቱ የመዝገቡ ከሆነ ጉዳዩ ከታየበት ፍርድ ቤት የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ አውጥታችሁ ላኩ። ወንጀሉ እውነት ከሆነ ደግሞ ዌቨር የሚባል አለ፤ ከዚያ በኋላ ሕይወታችሁ እንደተስተካከለ የሚያሳይ ማስረጃ፣ የአሠሪና የሰፈር ሰው ደብዳቤ ታቀርባላችሁ። ለአገር ክህደትና ለሽብር ዌቨር የለም። ከሁሉ የከፋው ግን ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ዝም ማለት ነው። 60 ቀኑ ካለፈ «ያስባሉ» የነበረው «ወሰኑ» ይሆናል። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን አሳውቁ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው በፖስታ ነው።

ስለ ቀኑም እንበል። ቲኤስኤ ራሱ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድማችሁ አመልክቱ ይላል። ካርዱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የሚሮጥ ሰው ሥራ አጥቶ ይቀመጣል።

አውሮፓና ገልፍ ላላችሁ

በአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርት ጥብቅ ክልል ለመሥራት ቢያንስ ያለፉት 5 ዓመታት ይመረመራሉ፤ የኖራችሁባቸው አገሮች የወንጀል መዝገብ፣ ሥራና ትምህርት፣ በመሀል ያለ ክፍተትም ጭምር። ጀርመን ውስጥ ይህ ማጣሪያ በመላው አገሪቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ኤርፖርት በቀየሩ ቁጥር ከዜሮ አይጀመርም። አንድ ማጣሪያ ለብዙ በር መሥራት እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ገልፍ ያላችሁና ወደ ሌላ አገር ለመሻገር የምታስቡ ደግሞ የፖሊስ ማስረጃችሁን እዚያው እያላችሁ አውጡ። ከወጡ በኋላ ማስመጣት መከራ ነው።

ለማጠቃለል

መጣራቱን አንቃወምም። ነዳጅ የጫነ ታንከር የሚነዳ ሰው ቢጣራ ለሁላችንም ይበጃል። ጥያቄያችን አንድ ሰው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ለምን ይከፍላል ነው። ድምፅ የምትሰጡ ወገኖች ለኮንግረስ ተወካያችሁ ይህንኑ ጻፉ፤ የሾፌር ደብዳቤ ይነበባል። እስከዚያው ግን ስማችሁን አስተካክሉ፣ ቅናሹን ጠይቁ፣ 60 ቀን ቅደሙ።

መንገዱን ሁሉ ያቅናላችሁ። ሰላም ሁኑ።